ሣሩንም ገደሉንም ማየት፦ መስክ ላይ የሚኖር ፈረስ ምን ይብላ?

በአውሮፓና በአሜሪካ ከሚያድጉ ልጆቻችን መካከል ፈረስ የሚወዱ አሉ። አንዳንዶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ግልቢያ ይማራሉ። አንዳንዶቹ ከከተማ ወጣ ባለ ሰፈር ስለሚኖሩ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በአጥር ውስጥ የሚግጡ ፈረሶችን በየቀኑ ያያሉ። የራሱ ፈረስ ያለው ቤተሰብም አይጠፋም። በዚህ ሳምንት ፈረስ ላላችሁም፣ ፈረስ ለሚያምራችሁም፣ በአጥር አጠገብ ለምታልፉም የሚሆን ነገር እናወራለን። ምሳሌያችንን የምንወስደው ከእንግሊዝ አገር ነው፤ እዚያ ብዙ ፈረሶችና ትናንሽ ፈረሶች፣ ማለትም ፖኒዎች፣ ዓመቱን ሙሉ መስክ ላይ ይኖራሉ።

ጋጣ ማለት የፈረስ ወይም የከብት ማደሪያ ቤት ነው። ጋጣ ውስጥ የሚያድር ፈረስ ምግቡን የሚያገኘው ከሰው እጅ ነው። መስክ ላይ የሚኖር ፈረስ ግን ቀንም ሌሊትም ምግቡ ላይ ቆሞ ይውላል፣ ያድራል። ታዲያ ባለቤቱ ምን ጨምሮ ይስጠው? አንዳንድ ሰው «ሣር አለው፣ ምንም አያስፈልገውም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ያሳዝናል፣ ብርድ ላይ ነው» እያለ በየቀኑ አንድ ባልዲ እህል ይዞ ይሄዳል። ሁለቱም ፈረሱን ሊጎዱ ይችላሉ።

ሣሩን አይቶ ገደሉን ስላላየው በሬ ሲነገር ሰምታችሁ ይሆናል። ለዚያ በሬ ሣሩ አንድ ነገር ነው፣ ገደሉ ሌላ ነገር ነው። ለፈረስ ግን ሣሩ ራሱ ገደል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የባለቤቱ ዋና ሥራ ባልዲ መሙላት ሳይሆን ማየት ነው፦ ሣሩን ማየት፣ ወቅቱን ማየት፣ የፈረሱን ሰውነት ማየት።

የፈረስ ሆድ እንዴት ይሠራል?

ፈረስ እንደ ላም አያመሰኳም። ላም የበላችውን መልሳ ወደ አፏ አምጥታ ታኝካለች፤ ፈረስ ግን የሚያኝከው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ጨጓራው የሚይዘው ከ8 እስከ 15 ሊትር ገደማ ነው። ለእንዲህ ያለ ትልቅ እንስሳ ይህ በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ፈረስ የተፈጠረው ጥቂት ጥቂት እያለ ቀኑን ሙሉ እንዲበላ ነው። መስክ ላይ የተለቀቀ ፈረስ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 18 ሰዓት ሊግጥ ይችላል።

ጨጓራው አሲድ ማመንጨቱን ሌሊትም አያቆምም። አሲዱን የሚያለዝበው ምራቅ ነው፤ ምራቅ ደግሞ የሚመጣው ፈረሱ ሲያኝክ ነው። ሆዱ ለረጅም ሰዓት ባዶ ከሆነ ጨጓራው ሊቆስል ይችላል። እኛ እንጾማለን፤ ፈረስ ግን አይጾምም።

የሣሩ ጭረት የሚፈጨው ከጨጓራው አልፎ ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። እዚያ በዓይን የማይታዩ ብዙ ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ። ሣሩን የሚያብላሉለት እነሱ ናቸው። እነዚህ ተሕዋስያን ድንገተኛ ለውጥ አይወዱም። ምግቡ በአንድ ቀን ከተቀየረ ወይም ብዙ እህል በአንድ ጊዜ ከገባ ይታወካሉ፤ ፈረሱም ኮሊክ የሚባል ከባድ የሆድ ቁርጠት ሊይዘው ይችላል። ፈረስ ማስታወክ አይችልም፤ የገባውን መልሶ ማውጣት የለም። በዚህ ምክንያት የፈረስን ምግብ መቀየር ያለበት ሰው ከ10 ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ወስዶ ቀስ በቀስ ይቀይራል።

ስንት ኪሎ ይበላል?

የፈረስ ቀለብ የሚለካው ውሃውን ሳይጨምር በደረቁ ነው። አንድ ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ደረቅ ምግብ ይፈልጋል። 500 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ይህ 10 ኪሎ ማለት ነው።

አሁን እንቁጠር። የፀደይ ለምለም ሣር 80 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ስለዚህ ፈረሱ 10 ኪሎ ደረቅ ምግብ ለማግኘት ወደ 50 ኪሎ እርጥብ ሣር ይግጣል። ድርቆሽ፣ ማለትም ታጭዶ በፀሐይ የደረቀ ሣር፣ ውሃው በጣም ትንሽ ስለሆነ 12 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል። 250 ኪሎ ለሚመዝን ፖኒ ሁሉንም በግማሽ ቀንሱት።

ይህን ሣር ለማብቀል ቦታ ያስፈልጋል። የብሪታንያ የፈረስ ማኅበር ዓመቱን ሙሉ ለሚግጥ አንድ ፈረስ ከ0.4 እስከ 0.6 ሄክታር መሬት ይመክራል። ይህ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ትንሽ ያነሰ ነው። መሬቱ ከዚህ ከጠበበ ሣሩ ያልቃል፣ ጭቃው ይበዛል፣ ድርቆሽ መግዛት ግድ ይሆናል።

ቀላል ሥራ ለሚሠራ ጤነኛ ፈረስ ጥሩ ሣር በቂ ጉልበት ይሰጠዋል። በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ልጅ የሚጋልበው ፖኒ አጃም፣ ገብስም፣ በቆሎም አያስፈልገውም።

የፀደይ አደጋ

በእንግሊዝ አገር ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሣሩ በፍጥነት ያድጋል። መስኩ አረንጓዴ ይሆናል፤ ለዓይን ደስ ይላል። ፈረሱም አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ባለቤቱ «ጎሽ፣ ጠገበልኝ» ይላል። አደጋው የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ለምለም ሣር ውስጥ ብዙ ስኳር አለ። ስኳሩ ሲበዛ የፈረሱ ደም ውስጥ ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል። በተለይ በወፈሩ ፈረሶችና በፖኒዎች ላይ ኢንሱሊኑ ከልክ ያልፋል፤ ጉዳቱ የሚታየውም ሰኮና ላይ ነው። ሰኮና የፈረስ ጠንካራ ጥፍር ነው። በሰኮናው ውስጥ ያለው አጥንት ከውጪው ግድግዳ ጋር የተያያዘው በስስ የሥጋ ንብርብሮች ነው። እነዚህ ንብርብሮች ሲያብጡና ሲላሉ አጥንቱ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። በሽታው ላሚናይቲስ ይባላል፤ በአማርኛ የሰኮና ብግነት ልንለው እንችላለን። ሕመሙ ከባድ ነው። ከባሰም ፈረሱን ከሥቃዩ ለማሳረፍ ሐኪሙ በመርፌ እስከ መግደል ሊደርስ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረው ግን የጠገበ ፈረስና የሚያምር መስክ ነው።

ምልክቶቹን እወቁ። ፈረሱ መራመድ ይጠላል፤ በጠንካራ መሬት ላይ ሲሄድ እሾህ የረገጠ ይመስላል። የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ እግሮቹ ይጥላል። ሰኮናው ይሞቃል። ይህን ካያችሁ እስከ ነገ አትጠብቁ፤ ፈረሱን አታስኪዱት፤ በዚያው ሰዓት የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

አደጋው በፀደይ ብቻ አይደለም። በመፀው ዝናብ ሲመለስ ሣሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። በብርዱ ወራትም ሌሊት ውርጭ ጥሎ ጠዋት ፀሐይ የወጣ እንደሆነ ተጠንቀቁ። ሣሩ በፀሐዩ ስኳር ይሠራል፣ በብርዱ ግን ማደግ አይችልም፤ ስለዚህ ስኳሩ እዚያው ይጠራቀማል። እስከ ሥሩ የተጋጠ አጭር ሣርም ሰዎች እንደሚያስቡት ሁልጊዜ ደኅና አይደለም። ብዙው ስኳር ያለው ከአገዳው ሥር ነው።

አያቶቻችን የሚያውቁት ፈረስ

ኢትዮጵያ ውስጥ 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች አሉ። አብዛኞቹ የሚኖሩት በደጋው ነው፤ ሲግጡ የሚውሉትም መስክ ላይ ነው። ግን እነሱ የሥራ እንስሳት ናቸው። ሰው ይጭናሉ፣ እህል ወደ ገበያ ያደርሳሉ፣ በከተሞች ጋሪ ይጎትታሉ። በአገው አዊ ደግሞ ፈረስ ማረሻም ይጎትታል፣ በበዓልም ያጌጣል፤ በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ በሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ላይ ብዙ ፈረሰኞች ተሰብስበው ይወጣሉ።

እዚያ የሣሩ ወቅት ሌላ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ይዘንባል፤ ክረምቱ ሲያልቅ መስኩ ይሞላል። ከታኅሣሥ በኋላ ግን ሣሩ ይደርቃል፣ ያንሳል። ያኔ ፈረሱ የተከመረ ድርቆሽ፣ ገለባና ጭድ ይበላል። ሥራ የሚበዛበት ፈረስ ከተገኘ ገብስ ይጨመርለታል። በዚያ ኑሮ ሰው የሚፈራው መክሳትን ነው። «ፈረሱ ወፍሯል» ማለት ባለቤቱ ጎበዝ ነው ማለት ነው።

ይህ አስተያየት ለቦታው ትክክል ነው። በእንግሊዝ መስክ ላይ ግን ያው ዓይን ሊያሳስት ይችላል። እዚህ ብዙው መስክ ለወተት ላሞች ተብሎ የተዘራ፣ ስኳሩ የበዛ ሣር አለበት። ፈረሱ ደግሞ ሥራ የለውም። የአገሩ ፖኒዎች፣ እንደ ሼትላንድና ኤክስሙር ያሉት፣ ከድሮ ጀምሮ በድንጋያማ ኮረብታና በደካማ ሣር መኖር የለመዱ ናቸው። በትንሽ ምግብ ይወፍራሉ። በእኛ ባህል ማብላት ፍቅር ነው፤ እንግዳ ሲመጣ «ብሉ፣ ጨምሩ» እንላለን። መስክ ላይ ላለ ፖኒ ግን አንዳንድ ጊዜ ፍቅር ማለት መቀነስ ነው።

በእጃችሁ መርምሩ

የፈረስ ፀጉር ያታልላል። በብርድ ወራት ወፍራም ፀጉር የከሳውን ፈረስ ወፍራም ያስመስለዋል። ስለዚህ በዓይን ማየት አይበቃም፤ መዳሰስ ያስፈልጋል። ዶን ሄነክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1983 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያወጣው መለኪያ ዛሬም ይሠራበታል። ከ1 እስከ 9 ይቆጠራል፤ 1 አጥንቱ የቀረ ፈረስ ነው፣ 9 እጅግ የወፈረ ነው። መካከለኛው 5 ጥሩ ነው።

ልጆች በቀላሉ ሊያደርጉት የሚችሉት ሙከራም አለ። አንድ እጃችሁን ጨብጡና በሌላው እጅ ጣቶች የጨበጣችሁትን እጅ አንጓዎች ዳብሱ። የፈረሱ የጎድን አጥንት እንዲህ ወጣ ወጣ ብሎ ከተሰማችሁ ፈረሱ ከስቷል። ቀጥሎ እጃችሁን ዘርጉና የእጃችሁን ጀርባ ዳብሱ፤ አጥንቱ በስስ ቆዳ ሥር ይሰማችኋል። የፈረሱ ጎድን እንዲህ ከሆነ ደኅና ነው። በመጨረሻ እጃችሁን ገልብጡና መዳፋችሁን ዳብሱ፤ አጥንቱን ለማግኘት መጫን አለባችሁ። የፈረሱ ጎድን እንዲህ ከሆነ ወፍሯል።

ከጎኑ ሌላ ጋማው የበቀለበትን የአንገቱን ጫፍ ያዙ። ወደ ግራና ወደ ቀኝ የማይወዛወዝ ጠንካራ ስብ ካለ ማስጠንቀቂያ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ደረቱን ዙሪያ በሜትር ለክታችሁ በደብተር ጻፉ። ዓይን የለመደውን ለውጥ አያይም፤ ቁጥር ግን ይናገራል።

ሣሩ ሲበዛ

ፈረሱ ከወፈረ መፍትሔው ማስራብ አይደለም። ፖኒዎችና አህዮች ድንገት ሲራቡ የሰውነታቸው ስብ ወደ ደም ገብቶ ጉበታቸውን ይጎዳል፤ ሊሞቱም ይችላሉ። ያለ ሐኪም ምክር ቀለቡን ከክብደቱ 1.5 በመቶ በታች ማውረድ አይገባም።

የሚሠራው ነገር ሣሩን መቆጣጠር ነው። ብዙዎች መስኩን በኤሌክትሪክ ሽቦ ከፍለው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይለቁለታል። አንዳንዶች ከታች ትንሽ ቀዳዳ ያለው የአፍ መሸፈኛ ያደርጉለታል፤ ፈረሱ ውሃ መጠጣት ይችላል፣ ሣሩን ግን የሚያገኘው ጥቂት ጥቂት ነው። መሸፈኛው ግን 24 ሰዓት ሙሉ አይደረግለትም። ፈረሱን ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት ብቻ መልቀቅ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ብልጥ ፖኒ በዚያች ሰዓት ቶሎ ቶሎ መብላት ይለምዳል። ሣር የሌለበት ቦታ የቆመ ፈረስ ድርቆሽ ይሰጠዋል፤ ድርቆሹን አስቀድሞ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ስኳሩን ይቀንሰዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሥራ ነው። የሚንቀሳቀስ ፈረስ የበላውን ያቃጥላል።

የብርዱ ወራት

መሬቱ ሲቀዘቅዝ ሣሩ ማደጉን ያቆማል ማለት ይቻላል። በእንግሊዝ ከኅዳር እስከ መጋቢት መስኩ አረንጓዴ ቢመስልም ሣሩ ጥቂት ነው። አሁን ድርቆሽ ይጀመራል። ብዙ ሰው «ለብርዱ እህል እንጨምርለት» ይላል። ፈረሱን የሚያሞቀው ግን ድርቆሹ ነው፤ ጭረቱ ትልቁ አንጀት ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ይሰጣል። ምድጃው በሆዱ ውስጥ ነው፣ ማገዶው ድርቆሽ ነው።

ብዙ ፈረሶች አብረው ካሉ ድርቆሹን በአንድ ቦታ አትከምሩት። ከፈረሶቹ ቁጥር አንድ የሚበልጥ ክምር አራርቃችሁ አስቀምጡ። ሦስት ፈረሶች ካሉ አራት ክምር ይሁን። አለበለዚያ ጉልበተኛው ደካማውን ያባርረዋል።

የወፈረ ፖኒ በብርዱ ወራት ቀስ ብሎ ትንሽ ቢቀንስ ችግር የለውም፤ ይጠቅመዋል እንጂ። በፀደይ ሣሩ ሲመጣ ሰውነቱ ቦታ ይኖረዋል። ለሽማግሌ ፈረስ ግን ሌላ ነው። ጥርሱ ያለቀ ፈረስ ድርቆሽ ማኘክ አይችልም፤ የታኘከውን መሬት ላይ ይተፋዋል። ለእሱ በውሃ የራሰ ለስላሳ መኖ ያስፈልጋል። የፈረስ ጥርስ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል።

ጨውና ውሃ

ሣር የማይሰጠው አንድ ነገር ጨው ነው። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ወደ 30 ግራም ጨው ይፈልጋል፤ ካላበው የበለጠ። በኢትዮጵያ አሞሌ ጨው ለከብት ያስልሳሉ። ከአፋር በረሃ የሚቆረጠው ይህ ጨው በድሮ ጊዜ እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበር። በእንግሊዝ ደግሞ ፈረሱ የሚልሰው የጨው ድንጋይ መስኩ ላይ ይቀመጣል። ፈረሱ ሲፈልግ ይልሳል።

አንዳንድ አፈር እንደ መዳብ፣ ዚንክና ሴሊኒየም ያሉ ማዕድናት ይጎድሉታል፤ ሣሩም ይጎድሉታል። እነዚህ በትንሽ መጠን በፋብሪካ ተዘጋጅተው ይሸጣሉ። ከመግዛት በፊት ግን ሐኪም መጠየቅ ይገባል፤ ሴሊኒየም ለምሳሌ ሲበዛ መርዝ ነው።

ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 50 ሊትር ውሃ ሊጠጣ ይችላል። እርጥብ ሣር ሲግጥ ያነሰ ይጠጣል፣ ድርቆሽ ሲበላ የበለጠ። ስለዚህ በብርድ ጊዜ ገንዳው ላይ በረዶ ሲሠራ ጠዋትና ማታ መሰበር አለበት። ውሃ ያነሰው ፈረስ አንጀቱ ይደርቃል፣ ቁርጠትም ይይዘዋል።

መስኩን መጠበቅ

ፈረሶች ፋንድያቸውን በጣሉበት ቦታ አይግጡም። ፋንድያው ካልተነሳ የመስኩ ግማሽ ሳይበላ ይቀራል፤ የሆድ ትልም ይራባል። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይለቀማል። የትል መድኃኒትም ዝም ብሎ አይሰጥም፤ ፋንድያው ተመርምሮ የትል እንቁላል ከተገኘበት ነው።

መርዛማ ዕፅዋትንም እወቁ። ራግዎርት የሚባለው ቢጫ አበባ ያለው አረም ጉበትን ያበላሻል፤ ሲደርቅ ምሬቱ ስለሚቀንስ ድርቆሽ ውስጥ ከገባ የበለጠ ያሰጋል። የዩው ዛፍ ቅጠል በጥቂቱም ይገድላል። በመፀው የሚረግፈው የኦክ ፍሬና የእንግሊዝ ሲካሞር ክንፋም ዘርም ያሰጋሉ። በአሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የጠወለገ የቀይ ሜፕል ቅጠልን ተጠንቀቁ።

በአጥር በኩል ጉርሻ የለም

ፈረስ የሌላችሁም የምታደርጉት ነገር አለ። በአጥር አጠገብ ስታልፉ ፈረሱ አንገቱን አውጥቶ ሊያያችሁ ይችላል። የራበው ይመስላል። ዳቦ፣ ካሮት ወይም ሙሉ ፖም መስጠት ያምራል። አትስጡ። ፖሙ ጉሮሮው ላይ ሊቀር ይችላል። ፈረሱ የታመመና ቀለቡ የተመጠነለት ሊሆን ይችላል። ለአንዱ ስትሰጡ ሌሎቹ ይጣላሉ፤ እጃችሁም መሀል ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ ከጓሮ የታጨደ ሣር በአጥር በኩል አትጣሉ። በማሽን የተቆረጠ ሣር ተከምሮ ሲቆይ ይሞቃል፣ ይብላላል። ፈረሱ ሳያኝክ ብዙውን በአንድ ጊዜ ይውጠዋል፤ ሆዱ ውስጥም መብላላቱን ይቀጥላል። ብዙ ሰው ይህን የሚያደርገው በደግነት ነው፤ «ያው ሣር አይደል?» ብሎ ያስባል። ነገር ግን ቆሞ የሚጋጥ ሣርና ተከምሮ የሞቀ ሣር ለፈረስ ሆድ አንድ አይደሉም።

ፈረሱ ወድቆ ወይም ሲያነክስ ካያችሁት ግን ዝም ብላችሁ አትለፉ። በበሩ ላይ የባለቤቱ ስልክ ተጽፎ ከሆነ ደውሉ፤ ከሌለ ለአካባቢው የእንስሳት ደኅንነት ድርጅት ንገሩ። መስክ ላይ የሚኖር ፈረስ አይጮህም፣ በር አያንኳኳም። ያለው ተስፋ የሚያየው ሰው ነው።